እጁ ደረቱ ላይ ነበር

ሙሉሽን ሐኪም ፊት ማስቀመጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በእስራኤል በቂርያት ጋት ከተማ የኢንዱስትሪ ቀጠና ፋብሪካ ዕቃ ስታሽግ አንድ ቀን «አመመኝ» ብላ የቀረች ሴት አይደለችም። ቅጥነቷ የልጅነቷ ነው፤ ዘንቢል ተሸክማ ሦስተኛ ፎቅ ስትወጣ ትንፋሽ አያጥራትም። ልጇ ሬዑት ነዝንዛ ነዝንዛ ደሟን አስመረመረቻት። ዶክተር ኦርሊም ውጤቱን አይታ «ኮሌስትሮልሽ በጣም ከፍ ብሏል» ስትላት ሙሉሽ ሳቀች።

«የኔ? ኧረ ስብ የት አለኝና!»

«ቀጭን ሰውም ይኖርበታል። አያምም፣ አይታይም፤ ዝም ብሎ የልብን የደም ሥር ያጠባል» አለች ዶክተሯ። ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም ብላም ዕድሜዋን፣ የደም ግፊቷን፣ ስኳሯን፣ ሲጋራ ታጨስ እንደሆነ እየጠየቀች መዘገበች። መጨረሻ ላይ «ከቤተሰብሽ በልብ የሞተ ወይም በድንገት የወደቀ ሰው አለ? አባትሽ በምን ሞቱ?» አለቻት።

«መኪና ተገልብጦ ነው።»

ዶክተሯ «የለም» ብላ ጻፈች። ለጊዜው ምግቧን እንድታስተካክልና በእግሯ እንድትሄድ መከረቻት። «ግን ይህ ቁጥር ከምግብ ብቻ የመጣ አይመስለኝም። ታላላቆችሽን ጠይቀሽ እሑድ ተመለሽ» አለቻት።

ሙሉሽ መንገዱን ሁሉ ስለ ኮሌስትሮሉ አላሰበችም። ያሰበችው አባቷን ነው። ሰው ስለ አባቷ ከጠየቃት ስንት ዘመኗ!

አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። አባቷ አቶ ፈጠነ ከብቶቹን ሸጦ ሊከተል፣ እሷን ከታላቅ እህቱ ከይታይሽ ጋር ጎንደር መናኸሪያ ወስዶ ወደ አዲስ አበባ አሳፈራት። አውቶቡሱ ሲነሳ ዞራ በመስኮት አየችው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሏል። ፎቶ የላት፣ መቃብሩን አታውቅ፤ ከአባቷ የቀራት ያ ስንብት ብቻ ነበር። እስራኤል በገቡ በሁለተኛው ዓመት ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩና መርዶውን ነገሯት። «ሊከተላችሁ ሲመጣ መኪና ተገልብጦ» አሏት። ተዝካሩንም በነገሯት ቀን፣ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ስታወጣ ኖረች። ሬዑት ጠይቃት ወደምትኖርበት ሰፈር ወደ ካርሜ ጋት ስትመለስም ሙሉሽ በረንዳ ወጥታ እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች፤ የአባቷ ወግ ነዋ።

ዓርብ ለአክስቷ ምሳ ይዛ ሄደች። ይታይሽ አንድ ጎርሰው ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ምነው ልጄ፣ ዘይት ጠፋ?»

«ዶክተሯ ከልክላኝ ነው እትዬ። እሷ ደግሞ የማትጠይቀው የለም! አባትሽ በምን ሞቱ አለችኝ እኮ።»

«ምን አልሻት?»

«የሚታወቀውን ነዋ። መኪና አልኳት።»

አሮጊቷ ሳህኑን ገፋ አደረጉት። ሙሉሽ «ኧረ ይብሉ፣ ያን ያህልም አያስከፋም» ብላ ልታሾፍ ጀምራ ነበር፤ ፊታቸውን ስታይ ተወችው።

«መኪና አልነበረም የኔ ልጅ» አሉ። «ገና አውቶቡሱ ከዓይን ሳይጠፋ ነው የወደቀ። ደግፎ የያዘው ጎረቤታችን አንሙት ነው። ኋላ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ነገረኝ። 'ደረቴን፣ ደረቴን' ብሎ በዚያው ቀረ አለኝ። የኛም አባት እርሻ ላይ እንዲሁ ነው የሄደ።»

«አውቀው ነው የደበቁኝ?»

«አውቄ ነው። አውሮፕላኑን ስንጠብቅ ሰባት ወር ካንቺ ጋር እየሳቅሁ ከረምሁ። ብነግርሽ ወደ መቃብሩ ትመለሽ ነበራ! እዚህ ከገባን በኋላም የሸኘሽ ዕለት ነው ብልሽ 'የኔ መሄድ ገደለው' ትያለሽ። መኪና ግን ማንንም አያስወቅስ። ከሽማግሌዎቹ ጋር መክረን ነው።»

«ታዲያ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ተዝካሩን በማን ቀን ነው ሳወጣ የኖርሁት?»

ሙሉሽ ተናደደች፤ ልትሄድ ተነሳች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ግን ያ እጅ ትዝ አላት። ደረቱ ላይ የነበረው እጅ፣ ጎንበስ ያለው ትከሻ። ተመልሳ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ እየተሰናበተኝ ነበር ወይስ አሞት?»

«እኔ በምን አውቄ፣ ልጄ።»

ዛሬ መርዶ እንደደረሳት ልጅ ሆና አለቀሰች። አባቷ ናፈቃት፤ ከስንብቱ ይልቅ ራሱ ሰውየው ናፈቃት። አውቶቡሱን አስቁሜ በወረድሁ ብላ ተመኘች።

እሑድ ከሬዑት ጋር ክሊኒክ ገባች፤ ሳትጠየቅም ተናገረች።

«አለ። አባቴ ልቡ ነው፤ እኔን የሸኘ ዕለት። አርባ ሦስት ዓመቱ ነበር። አባቱም እንደዚያው ነው የሞተ።»

ዶክተር ኦርሊ «የለም» ያለችውን ሰርዛ አዲሱን ጻፈች። «በዘር የሚተላለፍ ይመስላል። ወንድ በዚያ ዕድሜ በልቡ ሲሞት የልጆቹም ስጋት ይጨምራል። የገደለው ሐዘን ወይም መለየት አይደለም፤ ከደሙ ጋር ለዓመታት የኖረ ነገር ነው። መድኃኒቱን ዛሬውኑ ጀምሪ» አለቻት።

«የሷንም ደም ውሰዱ» አለች ሙሉሽ ወደ ሬዑት እያመለከተች።

«ኢማ፣ እናቴ፣ እኔን እኮ ምንም አያመኝም!»

«እሱንም እስከዚያች ቀን ምንም አላመመውም።»

ሬዑት እጅጌዋን ሰበሰበች።

ከሰዓት በኋላ ሬዑት ወደ ካርሜ ጋት ልትመለስ ወረደች። ሙሉሽ የመጀመሪያዋን ክኒን ውጣ እንደ ልማዷ በረንዳ ላይ ወጣች። ልጅቱ መኪናዋ ጋ ስትደርስ ዞራ ቀና አለች። የሙሉሽ እጅ ወደ ደረቷ ሄደ፤ ሊያርፍ ሲል መለሰችው። ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ አውለበለበችው፤ ልጇ እናቷ ደህና መሆኗን ከሩቅ እንድታውቅ።