በመርፌ የታሸገ ፖስታ

ከሐይቅ ከተማ የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። ልጄ ሀያት ተኝታለች። እንዳትነቃብኝ ፈርቼ ግንባሯን እንኳ ሳልስማት ወጣሁ፤ እስከ ደሴ መኪና ውስጥ ያለቀስኩት ለዚያ ነው። እናቴ ፓስፖርቴን በጥልፍ ፖስታ አድርጋ እጄ ላይ አስያዘችኝ። "አብሽሪ ልጀ፣ አላህ ካንቺ ጋር ነው። ሀያትን ለኔ ተይልኝ" አለችኝ።

የጨርቅ ፖስታ እናቴ የምትተዳደርበት ሥራ ነው። ከልብስ ሰፊዎች የተራረፈ ጨርቅ ትለቅማለች፣ አጥፋ ትሰፋለች፣ ክዳኑ ላይ አበባ ትጠልፋለች። ለግሸን ተጓዦች ግን መስቀል ነው የምትጠልፈው፤ ከማርያም የተባረከ አፈር፣ እምነት፣ ይዘውበት ይመለሳሉ። አዛን ሲል መስቀሉን በጅምር ትታ ትሰግዳለች፤ እኛ ጋ ይሄ ማንንም አይገርምም። በሰው እጅ የሚላክ ፖስታ ደግሞ አፉ ዙሪያውን ይሰፋል። ተቀባዩ ስፌቱን አይቶ ማንም እንዳልከፈተው ያውቃል። ጉድ ያፈላብኝም ይሄው ልማዳችን ነው።

ለቤት ሠራተኝነት ሪያድ ስገባ ሙቀቱ የዳቦ ቤት ምድጃ ፊት የቆምኩ አስመሰለኝ። ሩዙ ያጠግባል፣ ግን የበላሁ አይመስለኝም። አገሬ ለማያውቁት መንገደኛ "አፈር ስሆን ቅመሱ" ይባላል፤ እዚህ ቆሜ ስበላ ቀና ብሎ የሚያየኝ የለም።

የአሠሪዬ የማዳም ልጅ ሪማ የሀያት እኩያ ናት። ለዒድ ለልጄ አገር ቤት ቀሚስ ላሰፋላት ብዬ፣ ልኳን ስለማላውቅ ሪማን በክር ለካኋት። አገሬ ሜትር የሌለው ሰው እንደሚያደርገው፣ ለትከሻ አንድ ቋጠሮ፣ ለእጅጌ አንድ፣ ለቁመት አንድ። ከሪማ አሮጌ ቀሚስ ቁራጭ ፖስታ ሠርቼ ጠለፍኩት፣ ክሩን ከትቼ አፉን ሰፋሁት። ወደ አገር የሚገባ ሰው እስካገኝ ትራሴ ስር ሸጎጥኩት።

ማዳም አገኘችው።

"ሲህር! ልጄ ላይ ሲህር ሠርታለች!"

ድግምት ማለቷ ነው፤ ጩኸቷ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እህቶቼ፣ እስቲ አስቡት፤ የልጅ ልብስ፣ የተቋጠረ ክር፣ አፉ የተሰፋ ጨርቅ። እኔ ራሴ ባገኘው አዑዙ ቢላህ ብዬ እሮጥ ነበር። በሲህር ተጠርጥራ የተያዘች ሴት ምን እንደሚደርስባት ሲወራ ሰምቻለሁ።

ያስቀጠረኝ የመክተቡ፣ የኤጀንሲው ሰውዬ ተጠርቶ መጣ።

"ይሄ ቋጠሮ ምንድን ነው?"

"ትከሻ ነው።"

"ይሄስ?"

"እጅጌ።"

"ሜትር የሚባል ነገር አታውቂም?"

"አውቃለሁ ጌታዬ፣ የለኝም እንጂ።"

"ፖስታ በመርፌ የሚዘጋው የት አገር ነው?"

"እኛ አገር። ሙጫ ሌባን አያስቸግረውም።"

ሪማን አቁሞ ክሩን ዘረጋባት። ቋጠሮው ትከሻዋ ላይ ልክክ አለ። እፎይ ልል ስል ማዳም ጭራሽ ባሰባት፦ "አየህ! የልጄ ልክ ነው!"

አለቀልኝ ብዬ እያለቀስኩ ስልኬን አውጥቼ የሀያትን ፎቶ አሳየሁት። ሰውዬው ሁለቱን ልጆች እያፈራረቀ አየ። ከዚያ ቁርአን እየቀራ ቋጠሮዎቹን ፈታ፣ ፖስታውን ኩሽና ወስዶ አቃጠለው። የጠለፍኩት አበባ ሲጠቁር ቆሜ አየሁ። ማዳምም "ሁለተኛ የተሰፋ ነገር እዚህ ቤት ባገኝ ለሹርጣ፣ ለፖሊስ ነው የማስረክብሽ" አለች። ከዚያ ወዲህ የተቀደደ ካልሲዬን እንኳ አልጠግንም።

በጁምዓ አገር ቤት እንድደውል ተፈቀደልኝ፤ ማዳም ፊት ለፊቴ ተቀምጣ።

"እማየ!" አለች ሀያት። "አያቴ ጥልፍ አስተማረችኝ! ፖስታ ሠራሁልሽ።"

"ማሻአላህ የኔ ዓለም! ስመጣ አየዋለሁ፣ አስቀምጭልኝ።"

"ላክሁት እኮ! የጎረቤታችን ዘይነብ ይዛልሽ ሂዳለች፤ እዛው ሪያድ ገብታለች። አፉን ራሴ ሰፋሁት። ጸጉሬን ስቆረጥ ሹሩባየን ከተትሁበት፣ እንድታሸችኝ ብየ።"

ማዳም "ምን አለችሽ?" አለችኝ።

"ሰላም በይልኝ ብላሻለች" አልኳት።

"እማየ፣ ደስ አላለሽም?"

"ደስ ብሎኛል" አልኳት።

ዘይነብ የዚህን ቤት አድራሻ ታውቃለች። የበሩ ደወል በጮኸ ቁጥር፣ ያ ረቢ እሷ አትሁን እላለሁ። በሩ ተከፍቶ ሌላ ሰው ሲገባ ደግሞ ያንን ጸጉር ሳላሸት መቅረቴ ነው ብዬ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ።