ሁለት ዓመት የሚያገለግል እንግሊዝኛ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የነበረኝ ስድስት ታጣፊ ወንበር፣ አንድ ነጭ ሰሌዳና አንድ የወጥ ቤት ሰዓት ነው። ክፍሉ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለ የበርበሬና የጤፍ ሱቅ ጀርባ ነበር። የሱቁ ባለቤት እትዬ አልማዝ የዘይት ካርቶኖቹን ወደ ጥግ ገፋ ገፋ አድርገው፣ «አስተማሪ ነበርኩ ብለዋል፤ እስቲ እናያለን» አሉኝ። አዲስ አበባ አሥራ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ፣ እዚህ እንግሊዝኛ የሚነገርበት አገር መጥቼ አራት ዓመት የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ የኖርኩ ሰው ነኝ። ንግግራቸው አናደደኝ፤ ግን ዋጥ አደረግሁት።

የመጀመሪያው ተማሪዬ የታክሲ ሹፌር ነበር። በእንግሊዝኛ ስለ ራስህ ንገረኝ ስለው፣ «ሹፌር ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አለና አንገቱን ደፋ። ሰዓቱን አየሁ፤ አራት ሴኮንድ። ይኸው ሰውዬ በስልክ ከደንበኛ ጋር ሲጨቃጨቅ በሩ ላይ ሰምቼዋለሁ፤ ቃል አያጥረውም። ታላቅ ፊት ስለ ራስ ማውራት ነውር ሆኖበት ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ሰው ስለ ራሱ እንዲናገር ማለማመድ ሆነ። ለነርስ ላይሰንስ፣ ለኮሌጅ፣ ሌላ አገር ለመግባት የእንግሊዝኛ ፈተና ያለበት ሁሉ ይመጣል። ጥያቄ የተጻፈበት ካርድ እሰጠዋለሁ፤ ሰዓቱን ሁለት ደቂቃ ላይ እሞላለሁ። እስኪጮህ ድረስ ዝም ማለት የለም፤ ወለል ማየትም የለም። «ጨዋነታችሁን ከኮታችሁ ጋር በር ላይ ስቀሉት» እላቸዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ይህንኑ ስል ኖርኩ።

ሥራውን ላቆም ስል ሜሮን መጣች። ልጅ ሳለች ቤተ ክርስቲያን እሑድ እሑድ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። እዚሁ አጠገባችን ሃውቶርን ተወልዳ፣ እዚያው ተምራ ነርስ ሆናለች። ካልጋሪ ያለች እህቷ ባሏ ሞቶባት ከሁለት ሕፃናት ጋር ቀርታ ነበርና፣ ሜሮን ካናዳ ገብታ አብራት ለመኖር ማመልከቻ ጀምራለች።

ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርጋ፣ «ጋሼ፣ እንግሊዝኛ ወደቅኩ» አለችኝ።

የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ወረቀቱን ሳየው ማዳመጥ ሙሉ፣ ማንበብ ሙሉ፣ መጻፍ ደህና ነው። ንግግሯ ግን ከሚፈለገው በታች ነው።

«እዚሁ ነው የተወለድኩት አላልሻቸውም?»

«አልኳቸው። ፓስፖርቴን ላክሁ፣ ዲፕሎማዬን ላክሁ። ኤቭሪባዲ ይፈተናል አሉኝ። ሶ፣ ተፈተንኩ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሠላሳ ይሞላኛል፤ ያኔ ለዕድሜ የሚሰጡኝን ፖይንት ይቀንሱታል። እሱ ከተቀነሰ አልገባም።»

ደሜ ፈላ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው። እኔ አዲስ አበባ በመጽሐፍ የተማርኩት ሰውዬ፣ አፏን በእንግሊዝኛ የፈታችውን ልጅ እንግሊዝኛ ላስተምር ነው።

ካርድ ሰጠኋት። «የምትኮሪበትን ነገር ተናገሪ» ይላል። ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ነርስ ነኝ፣ ሰው መርዳት እወዳለሁ አለችና ቆመች። ሰባት ሴኮንድ። የታክሲ ሹፌሩ ትዝ አለኝ። እንግሊዝኛው የሃውቶርን ነው፤ አንገት መድፋቱ የእኛ ነው።

«ለምን አቆምሽ?»

«ሾው ኦፍ ማድረግ፣ ጉራ አልወድም።»

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ ነሃ፣ ጋሼ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያልክ።»

እውነቷን ነው። እሑድ ልጆቹ ሲንጫጩ እንደዚያ እል ነበር። እሑድ በነፃ ያስገባሁትን በሥራ ቀን በክፍያ ሳስወጣ ኖሬአለሁ። ፈታኞቹን ልረግም ተነስቼ ወደ ራሴ ዞርኩ።

አራት ሳምንት ለፋን። አርባ ሴኮንድ ትደርስና አንገቷ ይደፋል። ለሁለተኛው ፈተና ሦስት ቀን ሲቀራት ካርዶቹን ወዲያ አልኳቸው። ቤተሰቡን ከቤተ ክርስቲያን አውቃቸዋለሁ። «አባትሽ ሆስፒታል ሳሉ ለእናትሽ ያስተረጎመ ማን ነው?» አልኳት።

በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ ጀመረች። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አስተርጓሚ አልነበረም፤ ዶክተሩ አባቷ እንደማይድኑ የነገረው ለእሷ ነው። ለእናቷ ያለችው ግን «ደክሞታል፣ ይተኛ» ነበር። እናቷ ምሳ ሊያመጡ ወደ ቤት ሄዱ። ሲመለሱ አባቷ የሉም። ሜሮን ድምፅዋ ከፍ እያለ ሄደ፤ ዓይኗን ዓይኔ ላይ አድርጋ ስትናገር ሰዓቱ ጮኸ፣ አልሰማችውም። «ያን ቀን እንግሊዝኛ መቻሌን ማንም አልጠየቀኝም» አለች። እትዬ አልማዝ ከሱቅ መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ይኸውልሽ፣ ይህን ይዘሽ ግቢ» አልኳት።

«የአባዬን ሞት ለፖይንት ላውራው?»

«አዎ» አልኳት። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

ፈታኟ ሰው ስለረዳሽበት ጊዜ ንገሪኝ አለቻት። ነገረቻት። ውጤቱ ልደቷ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው መጣ፤ ንግግር ሙሉ። ወረቀቱን ይዛ መጥታ ከግርጌው ያለውን መስመር በጣቷ አሳየችኝ። የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው ይላል። «ከዚያ እንግሊዝኛዬ ኤክስፓየር ያደርጋል» ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

አሁን ካልጋሪ ናት፤ ሆስፒታል ትሠራለች፣ የእህቷን ልጆች ትምህርት ቤት ታደርሳለች። ባለፈው ወር የወረቀቱ ሁለት ዓመት አለፈ። ደወልኩላትና ይህንኑ ስነግራት፣ «ታዲያ በምን እናውራ፣ ጋሼ?» አለችኝ።

እሑድ ፊደል ማስቆጠሬን አልተውኩም፤ ያን የዝንብ ተረት ግን ከአፌ አውጥቼዋለሁ። በቦታዬ ለምትገቡ አስተማሪዎች የምለው ይህ ነው፤ ተማሪ ዝም ሲላችሁ ቋንቋውን ከመመርመራችሁ በፊት ዝም ያሰኘው ማን እንደሆነ ጠይቁት። እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ።