አጥሩ ላይ የተሰቀለው ሹራብ

የእኛ ሰፈር ልጆች አንድ እጅጌው የረዘመ ሹራብ ለብሰን ነው ያደግነው። ነፋስ ስልክ የነበረው የሹራብ ፋብሪካ ጉድለት የተገኘበትን ለሠራተኞቹ በቅናሽ ይሸጥ ነበርና፣ ጎረቤታችን ጋሽ ሚሳኤል እየገዙ ያድሉን ነበር። ልኩ ባይሆንም ብርድ አናውቅም ነበር።

ጋሽ ሚሳኤል በወጣትነታቸው ከደብረ ሲና መጥተው ፋብሪካው ውስጥ መጀመሪያ ጠራጊ፣ ኋላ የሹራብ መኪና ሠራተኛ ሆኑ። መኪናዋን «እመቤት» ይሏታል። ባለቤታቸው እትዬ በቀለች ሲናደዱ «እሷን ካገባህ እኔን ለምን አመጣኸኝ?» ይሏቸው ነበር። ልጅ አልወለዱም፤ ዘመድ የሚሉት የፋብሪካውን ሰው ነበር።

ሠራተኞቹ በየወሩ በሃያ አንድ የሚጠጡት የማርያም ጽዋ ነበራቸው። ተረኛው ዳቦ ደፍቶ፣ ጠላ ጠምቆ ማኅበርተኛውን ያስተናግዳል። ሲያበቃ ቀጣዩ ተረኛ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። በእነሱ ሥርዓት ጽዋ የሚረከብ ካልመጣ፣ ያደረበት ቤት ባለቤት በሚቀጥለውም ወር ይደግሳል እንጂ «በቃኝ» ብሎ አያስቀምጠውም።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ገበያው ተከፈተ ተባለ። እኛም በበሩ ምን እንደሚገባ ሳናይ አጨበጨብን። የገባው ሰልባጅ ነው። ፈረንጅ ለብሶ የጣለው ሹራብ በቦንዳ ታስሮ፣ ገሚሱ በቀረጥ ገሚሱ በኮንትሮባንድ፣ መርካቶ ደረሰ። ከመርካቶም መጥቶ የእኛው ታክሲ መቆሚያ ላይ ላስቲክ ተነጥፎለት ተዘረጋ። ለጥቆ አዲሱ ከዱባይ መጣ፤ አንዴ ሲታጠብ ያጥራል፣ ቀለሙ ግን ዓይን ይጠራል። የፋብሪካው ሹራብ መጋዘን ውስጥ ተቆልሎ ብል በላው። ሦስቱ ፈረቃ ሁለት፣ ሁለቱ አንድ ሆነ። በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት በሩ ተዘጋ፤ ሰዓታችን የነበረው የፋብሪካው ጡሩምባም ጸጥ አለ።

ያኔ ጽዋው ጋሽ ሚሳኤል ቤት ነበር። በመጀመሪያው ወር ግማሹ ማኅበርተኛ መጣ። ቀጣዩ ተረኛ ሮበሌ ግን፣ ክር ቀለም የሚነክረው ማለቴ ነው፣ ሥራ ፍለጋ ከከተማ ወጥቶ ስለነበር ጽዋው እዚያው አደረ። በሁለተኛው ወር ሁለት ሰው መጣ። ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም።

በዓመቱ እትዬ በቀለች ሞቱ። ቀብራቸው ሀና ማርያም ነበር። ለቅሶ ቤቱ በጎረቤት ሲሞላ፣ ከፋብሪካው ሰው አንድ እንኳ ደጁን አልረገጠም። ጋሽ ሚሳኤልን ከሞቱ እኩል የጎዳቸው ይኼ ነው። ሰው ሲያጽናናቸው ዓይናቸው እሱን አልፎ በሩን ያይ ነበር።

ድግሱን ግን አልተዉም። በየወሩ በሃያ አንድ የንስሐ አባታቸው መጥተው ዳቦውን ይባርካሉ፣ ቀምሰው ይሄዳሉ። ከዚያ ከጎረቤት ተውሰን የደረደርነው አግዳሚ ባዶውን ይቀርና እኔና እሳቸው ፊት ለፊት እንቀመጣለን። ሬዲዮኑ ተሸጠ፣ የእትዬ በቀለች ቁም ሣጥን ተከተለ። «ኧረ ጋሼ፣ ለቤተ ክርስቲያን ይመልሱት» ስላቸው ይቆጣሉ።

«ተረኛው ሮበሌ ነው። ሮበሌ መጥቶ ይወስደዋል። ሃያ ዓመት አብሮ የበላ ሰው እንዲህ አይረሳም።»

ንዴታቸውን የሚወጡት በሰልባጅ ላይ ነበር። ሲረግሙት የሞተ ፈረንጅ ልብስ ነው፣ በሽታ አለበት፣ የማይሉት የለም። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ የምሰማው ሰልባጅ ሱሪ ለብሼ ነው። አላወቁም፤ እኔም አፌን በዳቦ ሞላሁ።

በሰማንያ ዘጠኝ ክረምት ሮበሌን ለቡ መንገድ ላይ አገኘሁት። ለግንበኞች ድንጋይ ያቀብላል። ምላሴ አያርፍምና ሰው አየኝ አላየኝ ሳልል ወረድኩበት። «እናንተ ሰዎች ናችሁ? ሽማግሌው በእናንተ ጽዋ የቤታቸውን ዕቃ ሸጠው ሊጨርሱ ነው! ሚስት ስትሞትባቸው እንኳ አልደረሳችሁም!» አልኩት። እሱ የለበሰውን አረንጓዴ ሹራብ ወደታች ሲያየው ቆየና «ለሃያ አንድ እመጣለሁ» ብሎ ወደ ድንጋዩ ዞረ።

የሐምሌ ማርያም ዕለት ዝናቡ ያለ ርኅራኄ ይወርድ ነበር። ቄሱ ባርከው እንደሄዱ ሮበሌ በሩ ላይ ቆመ። በስስ ሸሚዝ ብቻ ነው፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ጋሽ ሚሳኤል አግዳሚውን ተደግፈው ተነሡ።

«ሮበሌ! ልጄ! በዚህ ብርድ ሹራብ እንኳ የለህም?»

«አለኝ ጋሼ። አጥሩ ላይ ሰቅዬው ነው የገባሁት።»

«ለምን?»

ሮበሌ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ረሱት እንዴ?» አለ። «ይኼንን ጽዋ የተረከቡ ለት፣ ይዘውት ቆመው ‹እንጀራችንን የቆረጠውን ሰልባጅ የለበሰ ደጄን አይርገጥ፣ ቢረግጥ ማርያም ትፍረደው› አሉ። እኛም አሜን አልን። ያን ጊዜ ደመወዝ ነበረን፣ የራሳችንን ሹራብ ለብሰን ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ ሹራባችንን አንድ በአንድ ሸጠን በላን። ሁላችንም ያለን ሰልባጅ ብቻ ነው።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ጋሽ ሚሳኤል በንዴት የተናገሩትን ረስተውታል፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። «በቀለች ስትሞትስ?» አሉ።

«ሀና ማርያም ነበርን ጋሼ። ሁላችንም። ከሰው ራቅ ብለን ባሕር ዛፉ ሥር ቆመን አለቀስናት። በሣልስቷም ማታ እዚህ በር ድረስ መጥተናል። ግዝቱን ፈራን፤ ከግዝቱ ይልቅ ደግሞ እርስዎን አፈርን። ቆመን ቆመን ተመለስን።»

ጋሽ ሚሳኤል ጽዋውን አንሥተው በዝናቡ ወጡ። ተከትያቸው ወጣሁ። ሹራቡን ከአጥሩ አወረዱና እንደ ፋብሪካ ልማዳቸው ገልብጠው ትከሻው ላይ ስፌቱን በጣታቸው ዳበሱት። «ጥሩ እጅ ነው» አሉ። «ይኼን የሠራ ሰው ዛሬ ሥራ አለው ይሆን?» ከዚያ ጽዋውን አስይዘውኝ የፋብሪካውን ሹራባቸውን አወለቁ፣ እርጥቡን ሰልባጅ ለበሱ፣ ጽዋውን ተቀብለውኝ በገዛ ደጃቸው ገቡ።

«ይኸው ረገጥኩት» አሉ። «ፍርዱ ካለ በእኔ ይሁን። ለሌሎቹም ንገራቸው።» የራሳቸውን ሹራብ ለሮበሌ አለበሱት። ሮበሌ ተንበርክኮ ጽዋውን ተረከበ፣ በነጩ ጨርቅ ጠቀለለው፣ ሆዱ ላይ አቅፎ ከዝናቡ እየከለለው ሄደ።

ጋሽ ሚሳኤል የአረንጓዴው ሹራብ ውኃ መሬቱ ላይ እየተንጠባጠበ ጽዋው ባደረበት፣ አሁን ባዶ በሆነው መደርደሪያ ፊት ተቀመጡ። ያወልቁት ብላቸው አልሰሙኝም።

«የሣልስቷ ማታ ውሻው ሲጮኽ ሰምቼ ነበር» አሉ። «ሌባ መስሎኝ በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩት።»