ጳጉሜ የሌላት አገር

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ያለነው እነዚህ ነን። አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት የደረሰችው ልጄ። ሁለተኛ፣ እናቷ። ሦስተኛ፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር፣ ከተማ ሲገባ እሑድን እኛ ቤት የሚውል። ከዚያ የልጄ ጓደኞች። መጨረሻ ላይ እኔ፣ ከክር ፋብሪካ ጡረታ የወጣሁ፣ ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ያወቅሁትን ሁሉ ብቻዬን አንብቤ ያወቅሁ።

ልጄና ጓደኞቿ እሑድ ከሰዓት ሳሎናችን ተሰብስበው አንድ ጨዋታ ይጫወታሉ። አንዷ ታወራለች፤ ሌሎቹ በወሬው ውስጥ ያሉትን ሰዎች ይሆናሉ፤ አንዱ ነጋዴ፣ አንዷ ሐኪም። የሚደርስባቸውን ብዙ ገጽ ያላት የፕላስቲክ ጠጠር እየወረወሩ ይወስናሉ። ጠጠሯን መጀመሪያ ሳያት ቁማር መስሎኝ ተቆጥቻለሁ። የምታወራው ልጄ ናት። ወሬው የሚሆንባትን አገርም የፈጠረቻት እሷ ናት፤ በረሃ ናት፣ ሕዝቧ ጨው ነጋዴ ነው።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ «አገሬ የራሷ የቀን መቁጠሪያ ያስፈልጋታል፤ የራሷ ወር፣ የራሷ ሰዓት» አለች። ደስ አለኝ። በሰፈራችን የዘመን ነገር የሚጠየቀው እኔ ነኝ። ባሕረ ሐሳብን ያለ አስተማሪ ተምሬ፣ ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ በየመስከረሙ ለጎረቤት የምነግር ሰው ነኝ። መጽሐፌን ከቁም ሳጥን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ጥያቄዋን ጠበቅሁ።

የጠየቀችው አጎቷን ነው።

«አጎቴ፣ በረሃ ላይ ሰዓት እንዴት ታውቃለህ?»

«በጎማ ነዋ! ስትነኪው እጅሽን ከላጠሽ እኩለ ቀን ነው። ዝም ካለሽ መሽቷል፣ ተኚ።»

«ስልክህስ?»

«ስልኬ እዚያ የሚያውቀው የራሱን ባትሪ ማለቅ ብቻ ነው።»

እናቷ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ ስናገር እንዲህ ስቃ አታውቅም።

የሹፌሩ ቀልድ የዚያች አገር ሕግ ሆነ። እኩለ ቀን «አሸዋ የሚልጥበት» ተባለ፣ ምሽት ደግሞ «ድንጋይ ዝም ሲል»። ወሮቹ እሱ በነገራት ነፋሶች ተሰየሙ። ሁሉንም በትልቅ ካርቶን ላይ ጽፋ ሳሎን ሰቀለችው፤ ዐሥር ወር፣ እያንዳንዱ ሠላሳ ስድስት ቀን።

«አምስቱ ቀን የት ገባ?» አልኳት።

«እዚያ አገር የለም፣ አባዬ።»

«ጋሼ፣ ጳጉሜ ደመወዝ ስለሌለው ሠራተኛው አድሞ አባሮት ነው!» አለ ሹፌሩ። አሁንም ተሳቀ። እኔ ወደ ግቢ ወጣሁ።

ይህን ሰው እወደዋለሁ። መንገድ ላይ ሲዘገይ እጸልይለታለሁ። ያን ሰሞን ግን፣ ጭነት በዝቶበት እሑድ ባልመጣ ብዬ ተመኝቻለሁ። ቅናት የሰነፍ ሰው በሽታ ነው እያልኩ ልጄን ያሳደግሁ እኔ ነኝ።

ሰኞ ወደ ዶርም ስትመለስ ማርከር አነሣሁ። ከዐሥረኛው ወር ሥር አምስት ቀን በማስመሪያ አስምሬ «ጳጉሜ» ብዬ ጻፍኩበት። ስታየው፣ በዘመነ ሉቃስ ለምን ስድስት እንደምትሆን ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር።

የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ከጓደኞቿ ጋር መጣች። በጨዋታው መንገደኞቹ በረሃ መሐል ናቸው። ዝናብ የሚጀምረው በአዲስ ዓመት ነው፤ ውሃቸውን እስከ ዓመቱ የመጨረሻ ቀን አብቃቅተው እዚያ ቀን ላይ ደርሰዋል። አንዱ ልጅ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ።

«ቆይ፣ ቆይ! ገና አምስት ቀን አለ እኮ!»

«ቀልድህን ተው፣ ውሃችን አልቋል!» አለች ሐኪሟን የምትጫወተው። ሕጋቸው ግን መቁጠሪያው ላይ ያለ ቀን አይዘለልም ይላል።

ልጄ የእጅ ጽሑፉን አወቀችው። «አባዬ፣ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ዓመት ያለ ጳጉሜ ዓመት አይደለም።»

«ቅደጂው በቃ» አለ አጎቷ ቀስ ብሎ።

«አባቴ የጻፈውን አልቀድም» አለችና ጠጠሯን ወረወረች። በመጀመሪያው ቀን ነጋዴው ሞተ። አራተኛው ላይ የተረፈ አልነበረም። ሐኪሟን የምትጫወተው ልጅ ዐይኗ እንባ ሞልቶ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። መጽሐፌ ጠረጴዛው ላይ እንደተከደነ ነበር፤ የጠየቀኝ የለም።

ሹፌሩን እስከ በር ሸኘሁት። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ያወራሁት ስለ ጎማ ነው» አለኝ። «ዘመኑ የእርስዎ ነው፤ ማን ወሰደብዎት?»

ከዚያ ወዲያ ሹፌሩ እሑድ እሑድ መምጣቱን ተወ። ጓደኞቿ ጨዋታውን ሳሪስ አንዳቸው ቤት ወሰዱት፤ ልጄም ተከተለቻቸው። እኔና ባለቤቴ ካርቶኑ ፊት ለፊት ቁጭ ብለን ያለ ወሬ ምሳ በላን። አሁንም ዓመት ያለ አምስቱ ቀን ጎዶሎ ነው እላለሁ። እነዚያን ቀኖች የጻፍኳቸው ግን ለዓመቱ ብዬ አልነበረም።

በመጨረሻ እኔው ደወልኩለት። «እሑድ ና። ልጅቷንም ጓደኞችሽን ይዘሽ ነዪ ብያታለሁ።»

«ጋሼ፣ ጎማዬ ገና አልበረደም» አለና ሳቀ። መጣም።

የእኔ አምስት ቀን ሁላችንንም ያስከፈለን፣ ሲደመር፣ ከዳግማይ ትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት እሑዶች በሙሉ ነው።