በቄሱ ፊት የተነገረ ስም

ወይዘሮ ትርሲት ፍኖተ ሰላም ውስጥ በዞኑ የመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት ለሃያ ዓመታት መዝገብ ይዘዋል። ዘንድሮ የመሬት ይዞታው የኮምፒውተር መዝገብ ከማዳበሪያ ማከፋፈያው መዝገብ ጋር ተገናኝቶ መረጃ እንዲለዋወጥ ተደረገ፤ ስሙ በሁለቱም አንድ ያልሆነ ገበሬ ግን ማዳበሪያ አይፈቀድለትም።

ከቡሬ ገጠር የመጡት አቶ መንበሩ ሲመላለሱ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። የበቆሎ መዝሪያው ዝናብም ጀምሯል።

«አባቴ፣ ማዳበሪያው በመንበሩ ነው፤ መሬቱ ግን የተመዘገበው በወልደ ሚካኤል ስም ነው» አሏቸው ወይዘሮ ትርሲት።

«እኔው ነኝ እንጂ! መሬቱ ሲለካ ቄሱ ከኮሚቴው ጋር ተቀምጠው ስለነበር የክርስትና ስሜን ሰጠሁ። በቄስ ፊት ሌላ ስም ይነገራል?»

«ሲስተሙ ክርስትና አያውቅም።»

«ታዲያ ክርስትና ያንሡታ!»

ወይዘሮ ትርሲት ለመሳቅ አቅም አልነበራቸውም። ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው እየተመላለሱ የአቶ መንበሩን የአባት ስምና የማሳውን አዋሳኞች አመሳከሩ፤ ሁለቱን ስሞች በአንድ መለያ ቁጥር አያይዘውም ፈቃዱን አተሙ።

አቶ መንበሩ ወረቀቱን ተቀብለው መረቁና በሩ ላይ ቆም አሉ።

«የቀበሌያችን ሰው ሁሉ እንደ እኔው ነው ያስመዘገበው፤ ከውጭ ተሰልፎ ይጠብቅዎታል» አሉ።

ወይዘሮ ትርሲት ዓይናቸውን አሻሹ።

«የሚቀጥለው ይግቡ» አሉ።