አራት እሁድ በር ላይ

ጉርድ ሾላ፣ ከምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ሥር ለበሶ የሚሆን ገብስ የምትቆላ ሴት አለች። ሽታው ደረጃውን ይዞ ወደኛ ሲወጣ እኔ ቤቴ አልቀመጥም፤ ልቤ እስር ቤት በር ላይ ሄዶ ይቆማል።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፣ ልጄ። ይሄ ሁሉ ፎቅ የቆመበት ሜዳ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ባሕር ዛፉ ይሸታል። እናት አባታችን ሞተው ታናሽ ወንድሜን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ጢም ማብቀል እንደጀመረ ከጓደኞቹ ጋር ተያዘ። በምን እንደሆነ በቅጡ የነገረኝ የለም። "ወደ ትልቁ እስር ቤት ወስደውታል" አለኝ አንዱ ጓደኛው። ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ያን ጊዜ መንገድ ላይ ነው።

እሁድ በሶዬን በፌስታል ይዤ፣ ሃያ ብር በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ሄድኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጠባቂው መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ "እህቴ፣ በዚህ ስም የገባ የለም" አለኝ።

"ኧረ በመድኃኔዓለም! ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው፤ ከዛፍ ወድቆ…"

"በጠባሳ አይደለም የምንፈልገው፤ በስም ነው።"

ከኋላዬ የተሰለፈች ሴት፣ "ሴትዮ፣ ተራ ልቀቂ! የኔ ባል ጠባሳም ስምም አለው" አለች። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ፤ ሰው ሲጨንቀው ይስቃል።

ሦስት እሁድ ተመላለስኩ። በሶውን ይዤ እሄዳለሁ፣ በሶውን ይዤ እመለሳለሁ። ዛሬ የልጅ ልጄ፣ ለታሰረ ጓደኛዋ ስንቅ ይሁን ብላ ለእናቱ ብር ትልካለች። ስልኳን ነካ ነካ ታደርግና "ደረሰ፣ እማማ" ትለኛለች። እንዲህ ይቀላል እንዴ መድረስ?

ባሌ ሲመለስ ነገርኩት።

"በማን ስም ነው የጠየቅሽው?"

"በአባታችን ነዋ!"

ግንባሩን መታ። "አንቺ ሴት! ትምህርት ቤት በኔ ስም አይደለም እንዴ ያስገባሁት?"

እውነቱን ነው። ወላጅ ይምጣ ሲሉን ልጄ ነው ብሎ አስመዘገበው፤ ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ ሁሉ በባሌ ስም ሆነ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ወረቀቱ ሳጥኔ ውስጥ ተቀምጧል፤ ምን እንደሚል ግን የት አውቄ? ለኔ የአባታችን ልጅ ነው፤ አለቀ።

አራተኛው እሁድ በባሌ ስም ጠየቅኩ። ያው ጠባቂ ጣቱን ገጹ ላይ አስኬደ፣ አስኬደና ቆመ። በሶውን ወደሱ ዘረጋሁ።

"ነበረ" አለኝ ቀስ ብሎ። "ሐሙስ ዕለት ክፍለ ሀገር ተዛውሯል።"

"የት?"

"እሱን እዚህ አያሳይም።"

"ብሩን እንኳ ተቀበሉኝ!"

"እህቴ፣ ለሌለ ሰው አንቀበልም።"

ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ተፈቶ መጣ፤ ከስቶ፣ ድምፁ እንኳ ቀጥኖ። እግሩን ሳጥበው፣ "እዚህ ከተማ ታስሬ ሳለሁ እሁድ እሁድ ሸሚዜን አጥቤ ለብሼ እቀመጥ ነበር" አለኝ። "ጠያቂ አለህ ብለው ሲጠሩኝ፣ ቆሽሼ እንዳታዪኝ።"

"በር ላይ ነበርኩ እኮ፤ አራት እሁድ!" አልኩት። የስሙን ነገር አንድ በአንድ ነገርኩት። ውሃው እስኪቀዘቅዝ ነገርኩት።

"እሺ፣ እትዬ" አለኝ።

በልጅነቱ ሳባብለው እንደሚለኝ ነው ያለኝ። ያመነኝ ግን አልመሰለኝም።