ለአንሶላ ማስጫ የሰጠሁት የስልክ ሽቦ

በ2006 ዓ.ም. ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ጧት፣ የቢሮአችንን የስልክ ሽቦ በካራ ቆርጬ ለጎረቤት ልብስ ማስጫ ሰጠሁ። ማንም አላዘዘኝም። ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ልብ ለመግዛት ግን ገና ወረፋ እጠብቅ ነበር። ብዙ ሞኝነት ሠርቼ ረስቻለሁ። ይችን ግን ስልክ በጠራ ቁጥር አስታውሳታለሁ።

ቢሮው ደባርቅ ነው። እንግዶችን ወደ ስሜን ተራሮች የሚያወጣ፣ ሦስት ክፍልና አንድ መኪና ያለው ትንሽ ቢሮ። እኔ ድንኳንና ብርድ ልብስ የምቆጥር የዕቃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ይበሉኝ እንጂ ከብርድ ልብሱ በቀር የሚታዘዘኝ አልነበረም።

ያን ቀን ሰብለ የምትባል ባለሙያ ከጎንደር መጥታ በኢንተርኔት የሚሠራ ስልክ ትተክልልን ነበር። በየጠረጴዛው ያስቀመጠቻቸው አዳዲስ ስልኮች መብራታቸው ቦግ ሲል፣ ቁጥራችን በራሱ ጊዜ እነሱ ውስጥ የገባ መሰለኝ። የድሮውን ስልክ ዕቃ ቤት ወረወርኩት፤ ሽቦውንም ከግድግዳው እስከ ውጭው ምሰሶ ድረስ ቆርጬ አነሳሁት። ከአጥራችን ወዲያ አልጋ የምታከራየው ይታይሽ የአንሶላ ማስጫ ገመዷ ተበጥሶባት ስታማርር ሰንብታለች። ሰጠኋት።

"አያ ሞላ፣ ዛሬስ ምን ነካዎት? ቸር ሆኑሳ!" አለችኝ።

ምን እንደ ነካኝስ አውቀዋለሁ። ጭንቀት ነው፤ እጄ አርፎ መቀመጥ አልቻለም። ልጄ እናኑ ያገባችው መኪና የማይደርስበት የተራራ መንደር፣ ጊች ነው። ምጥ ከያዛት ሦስተኛ ቀኗ ነበር። በዋዜማው አንድ በቅሎ ጫኝ መልእክት አመጣ፤ ጎህ ሳይቀድ በቃሬዛ ተሸክመዋት ይነሱና መኪና መንገዱ ላይ ሲደርሱ ይደውላሉ። መውጫው ሁለት ነው። ወንዙ ከሞላ በላይኛው፣ ካልሞላ በታችኛው ይመጣሉ። መኪናችን ደግሞ አንድ። ስለዚህ ሾፌሩ ነዳጅ ሞልቶ፣ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ፣ ስልካቸውን ይጠብቃል።

አማቼ ፈንታሁን የሚደውለው ከተሸካሚዎቹ ሞባይል ተውሶ ነው፤ በቃሉ የሚያውቀውም አንድ ቁጥር ነው፤ የቢሮውን። እንደ ዳዊት ያስደገምኩት እኔው ነኝ። የራሴ ሞባይል አልነበረኝም። ግዛ ሲሉኝ፣ "ኪሴ ውስጥ የሚጮህ ነገር አልፈልግም" ባይ ነበርኩ።

ሰብለ ስልኮቹን ከክፍል ክፍል ስትሞክር ሁላችንም እንደ ሕፃን ተጫወትንባቸው። ሥራ አስኪያጃችን ከቢሮው ደወለልኝ።

"ሃሎ፣ ዕቃ ቤት! ሞላ አለ?"

"ሞላ ሞቷል፤ እኔ ወራሹ ነኝ" አልኩት።

ሳቅን። ያን ሳቄን ዛሬ ባገኘው አንቀው ነበር።

ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት ሆነ። አምስት አለፈ። "አልደረሱም ማለት ነው፤ መንገዱ ያዳልጣል" ይለኛል ሥራ አስኪያጁ። እኔም መንገዱን ረገምኩ፣ ተሸካሚዎቹን ረገምኩ፣ ለኪዳነ ምሕረት ተሳልኩ። ዓይኔ ከአዲሱ ስልክ አልተነቀለም።

ስድስት ሰዓት ሲቃረብ ሰብለ መጣች።

"አባባ፣ አሁን የቀረኝ የድሮውን ቁጥር ስልኮቹን በሚያገናኘው በዚህ ሳጥን ላይ መሰካት ነው። መስመሩ በየት በኩል ነው የሚገባው?"

"የቱ መስመር?"

"ከምሰሶው የሚመጣው ሽቦ ነዋ! ያለ እሱ ከውጭ የሚደውል ሰው አያገኘንማ።"

ወደ ይታይሽ ግቢ ሮጥኩ። አጥሩን በምን እግሬ እንደ ዘለልኩት አላውቅም። ስምንት ነጭ አንሶላ ተሰጥቶበታል። ሽቦውን ሳብኩት፤ ስምንቱም ጭቃ ላይ ተዘረጋ።

"ኧረ አያ ሞላ! አበዱ እንዴ?"

"እናኑ... ልጄ... ስልኩ..." አልኳት። ቋጠሮውን ልፈታ ታገልኩ፤ አልፈታልህ አለኝ። ይታይሽ ቀርባ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው።

ሰብለ ምሰሶው አጠገብ ወንበር ላይ ወጥታ ሽቦውን በጣቷ ጠምዝዛ ቀጠለችው፤ ሌላውን ጫፍ ሳጥኑ ላይ ሰካችው። አቡነ ዘበሰማያት ጀምሬ ሳልጨርስ ጠራ። ፈንታሁን ነው። ሰላምታ የለም።

"አባባ፣ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እኮ ነው የምደውለው! ይጠራል፣ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ምነው ጨከናችሁብን?"

"በየትኛው ናችሁ?"

"በላይኛው!"

ስልኩን ሳልዘጋ መኪናው ከግቢ ወጥቷል።

አሥር ሰዓት ላይ ደባርቅ ደረሱ። እናኑ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ወንድ ነበር። ሐኪሙ፣ "ገና ከቤት ሳይነሱ ነው ያለፈው" አለኝ። ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት፤ ሁለቴም ያንኑ መለሰልኝ። እውነቱን ይሁን ሊያጽናናኝ፣ እስካሁን አላውቅም።

እናኑ ነገሩን ያነሳችው አንድ ቀን ብቻ ነው። ፈንታሁን አጠገቧ ቆሞ ሲደውል፣ ቃሬዛው ላይ ሆና የጥሪው ድምፅ ይሰማት ነበር። "አባቴ ዕቃ ቤት ገብቶ ይሆናል፣ አሁን ያነሳዋል፣ ትንሽ ጠብቅ እለው ነበር" አለችኝ። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ሞባይል አንገቴ ላይ እንደ ክታብ ተንጠልጥሏል። ሁለተኛ ሳይጠራ አነሳለሁ፤ ተሳስቶ የደወለውን ሁሉ "ደህና ነህ ወይ?" እለዋለሁ። ሽማግሌው ሥራ ፈታ ይላሉ። ልክ ናቸው።

ይታይሽ ያን ዕለት ስምንቱንም አንሶላ እንደገና አጠበች። "ገመድ እገዛልሻለሁ" ብያት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ገመድ ሻጮቹ ፊት ቆምኩ፤ በክንዴ ለክቼ ሳበቃ ጥዬው ተመለስኩ። ምን ብዬ እንደምሰጣት አላውቅማ። እሷም አንድ ቀን አልጠየቀችኝም። አንሶላዋን ዛሬም የምታሰጣው አጥሩ ላይ ነው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እሾህ የያዘውን ጫፍ አላቅቅላትና እሄዳለሁ።

አሥራ ሁለት ክንድ ገመድ አለብኝ።